ፊትና ኋላ

ኮይፓሳ ላይ፣ ነጩ ጨው ከሰማይ በሚገጥምበት፣
አንድ ነገር ቆሟል፤ በር የለው፣ መስኮት የለበት።
ቁመቱ የኦሩሮን ደወል ቤት ያህላል፤
ጥላው ግን፣ ጠዋትም ማታም፣ ወደ ፀሐይ ያዘነብላል።

ሌሊት ብርዱ ሲበረታ፣ ጨዋማው ውሃ ሲረጋ፣
ከሥሩ መስመር ይበቅላል፤ ሲጻፍ ያድራል እስኪነጋ።
ጣት የሚያህል የጨው አጥር፣ እዚህ የሚሰበር፣ እዚያ የሚታጠፍ፤
ዝናብ ከመጣ የሚሟሟ፣ ፀሐይ ከከረረ የሚረግፍ።

ጄኔራሉ ከላ ፓዝ መጣ፣ ሊቃውንቱ ከሴኡል፣ ከቪየና፤
አርባ ቀን ጥግ ለኩ፣ መስመር ቆጠሩ፤ እንደገና፣ እንደገና።
በአርባ አንደኛው ጠዋት አንዱ «ተፈታ!» እያለ ወጣ፤
ወረቀቱን ያነበበ ሁሉ ግን መልኩ እንደ ጨው ነጣ።

«ከኋላችን ያለው ለእናንተ ነው።»
ይህችው ናት። ሌላ የለም።
ከኋላቸው ምን አለ? ጦር ነዋ! ጄኔራሉ ለማሰብ አልዘገየም።
መድፎቹ ከመኪና ወረዱ፤ አፋቸው ወደ ነገሩ ዞረ፤
በማግስቱ ንጋት እንዲተኮስ ሰዓቱ በስልክ ተነገረ።

ያኔ ነው አንድ ወታደር፣ የዚያው ቀዬ ልጅ፣ «አንዲት ሴት አለች» ያለው፤
ቪሴንታ ኮልኬ፣ የችሎት አስተርጓሚ፤
ሥራዋ ከአይማራ ወደ ስፓኒሽ ቃል ማሻገር ነው።
በሌሊት ጂፕ አመጧት፤ ባርኔጣዋን እንኳ ሳታስተካክል
ጨው ላይ ወጣች፤ ቁጢጥ አለች፣ ከመስመሩ ትክክል።

ቪሴንታ የአንድ ቃል ዋጋ ታውቃለች።
የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኢላሪዮን የሚባል ሰው፣
ስድስት ላማ ሰርቋል ተብሎ፣ ዳኛ ፊት ቆሞ «ናይራ» አለ።
«ምን አለ?» ሲሏት፣ ቸኩላ፣
«ፊቴ ነበሩ» ብላ መለሰች።
ዳኛው «አይቶ ወሰደ» ብሎ ጻፈ።
በአይማራ ዓይንም፣ ፊትም፣ ድሮም አንድ ስም ነው፤
ሰውየው ያለው «ከድሮም የኔ ነበሩ» ነው።
ሰባት ዓመት ፈረዱበት። አምስቱን ኖረ።
ከዚያ ወዲህ ቪሴንታ አንድ ቃል ሳትተረጉም
አፏ ውስጥ እንደ ጠጠር ታገላብጠዋለች፣ ጥርሷን ቢሰብርም።

«እናቴን አያታለሁ፣» አለች፣ «ትናንትናዬ ከፊቴ ነው።
ነገን ግን ማን አየው? ለዚህ ነው በጀርባ የምናዝለው።»

(ይህን የምጽፍበት ቋንቋም ያውቃል፤ «በፊት» ሲል ያለፈውን፣
«በኋላ» ሲል ገና ያልደረሰውን፣ ከጀርባ የሚከተለውን።
መልሶ ደግሞ «ወደፊት» ይላል፣ ራሱን እየረሳ፤
ባንድ ፊት ሁለት ዘመን ተሸክሞ፣ እየወደቀ እየተነሳ።)

«ከኋላቸው ያለው ጦር አይደለም። ነገ ነው።
ነገአችን ለእናንተ ይሁን ነው የሚሉት።
ምናልባት ዘር የላቸውም። ምናልባት ደክሟቸዋል።
ስጦታ ይሁን ኑዛዜ፣ እሱን አልለየሁትም።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ ጄኔራሉ።
«አይደለሁም» አለች። «ያን ጊዜ ነበርኩ።»

መድፎቹ አልተኮሱም። አልተነሡምም።
ረፋዱ ላይ ዝናብ መጣ፤ ጽሑፉን ላሰው፤
አርባ አንድ ቀን የተለፋበት ዐረፍተ ነገር የላማ መጠጫ ኩሬ ሆነ።
ቪሴንታ ጫማዋን አወለቀች፤ በተረከዟ
እርጥቡ ጨው ላይ ቀስ ብላ አንድ ነገር ጫረች።
የቪየናው ሰው አጎንብሶ አየና «ጥያቄ ነው?» አላት።
«ስም ነው» አለችው። «ከፊቴ ያለ ሰው።»

ከዚያ ዞረች፤
ለንቀት አይደለም፣
ጀርባዋን ለዚያ ነገር ሰጥታ፣ በብርዱ ቆመች፤
የሚመጣው የሚመጣው በዚያ በኩል ስለሆነ።